ወረቀት ለማዳን ሰው የሚገድል ጋዝ አንገዛም

ወገኖቼ፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ። የላካችሁት ገንዘብ፣ የልጆቻችሁ ወረቀትና መዝገብ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠው እህታችን ነፍስ ያሉበት ጉዳይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እዚህ ካኩማ ያለነውም፣ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዐረብ አገር ከደመወዛችሁ ቆርሳችሁ የምታዋጡትም እንደምታውቁት የማኅበረሰባችን መዝገብ ቤት እንደ አዲስ ሊሠራ ነው። በግድግዳው፣ በበሩና በመደርደሪያው ተስማምተናል። ያልተስማማነው በእሳት ማጥፊያው ነው። አንድ ነጋዴ ከተዘጋ ፋብሪካ የተነቀለ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ አውቶማቲክ ማጥፊያ በርካሽ አቅርቧል። «ውኃ የወረቀት ጠላት ነው፤ ጋዝ ግን ወረቀቱን ሳይነካ እሳቱን ያጠፋል። ደግሞም ሰው ባይኖርም በራሱ ይለቀቃል» ብሎ አስረዳ። ስብሰባው ላይ ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄን አውጥቼ ተቃወምኩ። ከዚያ ወዲህ «ልማት አደናቃፊ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ይሁን። ስም አይገድልም፤ ያ ጋዝ ግን ይገድላል። ሰው ባይኖርም በራሱ የሚለቀቅ ነገር፣ ሰው ቢኖርም በራሱ ይለቀቃል።

«ለወረቀት ግድ የለውም» የሚለኝ ሰው እንዳይኖር ደግሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ማርክ ሊስትና ትራንስክሪፕት አለ። ከአገር ቤት በጉያ ተሸጉጦ፣ ድንበር ተሻግሮ የመጣ የትምህርት ካርድ ቅጂ አለ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክርነት አለ። ሽማግሌዎች የፈረሙበት የእርቅ ወረቀት ሳይቀር አለ። አገር ያለው ሰው ወረቀቱ ቢቃጠል ወደ ቀበሌው ሄዶ ያመለክታል፤ ወደ ተማረበት ትምህርት ቤት ተመልሶ ሌላ ያስወጣል። እኛ ወዴት ነው የምንመለሰው? ስለዚህ ክርክሩ ወረቀቱ ይዳን አይዳን አይደለም። ክርክሩ በምን ይዳን ነው።

አንደኛ፦ ሰው ይቀድማል

ኬሚስትሪ ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ። እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የሚነድ ነገር፣ ሙቀትና ኦክስጅን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኦክስጅኑን ገፍቶ እሳቱን ያፍነዋል። ችግሩ ኦክስጅን የሚፈልገው እሳት ብቻ አለመሆኑ ነው።

ቁጥሩን እንየው። በተለምዶ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ0.1 በመቶ በታች ነው። 10 በመቶ ሲደርስ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል። ከ17 በመቶ ካለፈ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሰው ይዘረራል፤ ካልወጣም ይሞታል። ኦክስጅን ስለሚያሳጣ ብቻ አይደለም፤ በዚህ መጠን ሲተነፈስ ጋዙ ራሱ መርዝ ነው። ታዲያ ወረቀት የታጨቀበትን ክፍል እሳት ለማፈን ስንት በመቶ ያስፈልጋል? ኤንኤፍፒኤ 12 የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ ለወረቀት ማከማቻ የሚጠይቀው 65 በመቶ ነው። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው ኦክስጅን ከ21 ወደ 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ደረጃው ራሱ ሰው ዘወትር በሚሠራበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለውን ማጥፊያ አዲስ መትከልን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይፈቅድም። የእኛ መዝገብ ቤት ደግሞ ሰው ዘወትር የሚሠራበት ክፍል ነው። ሠራተኛዋ በኢንሰንቲቭ የምትሠራ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው የምትውል የልጆች እናት ናት። ትራንስክሪፕት የሚጠብቁ ተማሪዎችም በሩ ላይ ተሰልፈው ይውላሉ።

«ይህ የመምህር ፍርሃት ነው» ላላችሁኝ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2016 በታይላንድ ዋና ከተማ ባንኮክ፣ በሲያም ኮሜርሺያል ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የሰነድ ማከማቻ ክፍል ውስጥ 8 ሰዎች ሞቱ። የገደላቸው እሳት አይደለም። የእሳት መከላከያውን ለማሻሻል ሥራ ላይ እያሉ የነበረው አውቶማቲክ ማጥፊያ ተለቀቀ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚተነፈስ አየር ጠፋ። ያኛው ማጥፊያ ዓይነቱ ሌላ ነው፤ ኤሮሶል ይባላል። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ክፍሉ የወረቀት ክፍል ነበር፤ ባንኩ ሀብታም ነበር፤ ባለሙያ መቅጠርም አላቃተውም ነበር። እንዲያም ሆኖ ስምንት ሰው ሞተ።

የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከፈለጋችሁም፣ የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ዘገባ በእነዚህ ማጥፊያዎች የደረሱ 62 አደጋዎችን ሰብስቦ 119 ሟቾችን ቆጥሯል። ከአደጋዎቹ ብዙዎቹ የደረሱት እሳት ሲነሣ ሳይሆን ጥገና በሚደረግበት ጊዜ ነው። እስቲ አስቡት፤ ከፋብሪካ የተነቀለውን፣ ማን እንደሞላው የማይታወቀውን፣ ቫልቩ ስንት ዓመት እንዳገለገለ ያልተጻፈበትን ዕቃ እዚህ ማን ነው የሚጠግነው?

«ከመለቀቁ በፊት ደወል ይደወላል፤ ሰው ይወጣል» ተብሏል። አዎ፣ በትክክል የተተከለ ማጥፊያ ደወል አለው፤ ሰው የሚወጣበት ጊዜም ይሰጣል። ግን ደወሉን የሚያስጮኸው መብራት ነው፤ የእኛን መብራት ታውቁታላችሁ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሠራተኛዋ ሰልፉ እንዳያስቸግራት ከውጭ ጓጉንቸር አስደርጋ ትሠራለች። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መጀመሪያ የሚሞላው ወለሉን ነው፤ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ጎንበስ ብላ ፋይል የምትፈልገውን ሴት ቀድሞ ያገኛታል። ሊያወጣት ዘሎ የሚገባው ሁለተኛው ሰው ደግሞ አጠገቧ ይወድቃል። በእንዲህ ያለ አደጋ የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፦ ጋዙ የእኛን እሳት አያጠፋም

እሺ፣ ሰው የለም እንበል። ሌሊት ነው እንበል። ያን ጊዜስ ይሠራል? አይሠራም።

ጋዝ የሚሠራው ክፍሉ እንደ ማሰሮ ሲገጠም ነው። ከተለቀቀ በኋላ መጠኑን ሳይቀንስ መቆየት አለበት፤ ለታጨቀ ወረቀት ደግሞ ቆይታው 20 ደቂቃ ያህል ነው። የእኛ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ ለሙቀቱም ብለን የተውነው ነው። ጋዙ በዚያና በበሩ ሥር ሾልኮ ይሄዳል። አየር ይመለሳል፤ እሳቱም ይመለሳል።

የወረቀት እሳት ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ላዩ ጠፍቶ ውስጡ ይጨሳል። ከሰል ያዳፈነ ሰው ይህን ያውቃል፤ ማታ አመድ ያለበሳችሁት ፍም ጠዋት ስትገልጡት ቀይ ነው። የታጨቀ ፋይልም እንደዚሁ ነው። ጋዝ ያፍናል እንጂ እንደ ውኃ አያቀዘቅዝም። በሩ እንደተከፈተ ፍሙ ኦክስጅን ያገኛል። ሲሊንደሩ ግን ያን ጊዜ ባዶ ነው፤ ሁለተኛ ዕድል የለውም። እንደገና ለማስሞላት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ናይሮቢ መድረስ አለበት። የመጫኛውን ማን ሊከፍል ነው? እናንተው።

ሦስተኛ፦ ውኃ ጠላታችን አይደለም

የነጋዴው ክርክር ሁሉ የቆመው «ውኃ የወረቀት ጠላት ነው» በሚለው ላይ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ይህን ከሥሩ እንየው። የረጠበ ወረቀት ይደርቃል። አመድ ግን ወረቀት አይሆንም።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1973 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ አቅራቢያ የወታደሮች የግል ማኅደር የሚቀመጥበት ትልቅ ሕንጻ ተቃጠለ። መዝገቡ የተደረደረባቸው ክፍሎች ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ ስፕሪንክለር አልነበራቸውም። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማኅደር ጠፋ። ቅጂ አልነበረም፤ ማይክሮፊልም አልነበረም፤ የዝርዝር ማውጫም አልነበረም። ዛሬም ድረስ የእነዚያ ወታደሮች ልጆች የአባታቸውን አገልግሎት ለማስመስከር ከየቦታው ቁርጥራጭ ወረቀት ይለቃቅማሉ። ልክ እንደ እኛ። የሚገርመው ግን የተረፈው ነው። በእሳት አደጋ ሠራተኞች ውኃ ርሶ ከነበረው ውስጥ ብዙው ወጥቶ፣ ለጠፈር ምርምር በተሠራ አየር አልባ ክፍል ውስጥ ሳይቀር እየደረቀ፣ 6.5 ሚሊዮን ያህል ማኅደር ድኗል። የገደለው እሳቱ ነው፤ የረጠበው ድኗል።

ወደ አህጉራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. አፕሪል 18 ቀን 2021 ከተራራ የወረደ ሰደድ እሳት የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲን የጃገር ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ አወደመው። ከሥር ባለው ምድር ቤት የነበረው ስብስብ ግን የእሳት መዝጊያዎቹ በጊዜ ስለወረዱ ከእሳቱ ተረፈ። እሳቱን ለማጥፋት የፈሰሰው ውኃ ወደ ታች ወርዶ አረጠበው፤ በጎ ፈቃደኞችም በሳጥን እየሞሉ አወጡት። ከላይ የነደደውን ግን ሊያወጣው የቻለ የለም። ሰውም አልሞተም።

ስፕሪንክለርን በፊልም እንደምታዩት አታስቡት። አንድ ቦታ ጭስ ሲታይ ሕንጻው ሁሉ አይዘንብም። እያንዳንዱ አፍ ላይ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አለች፤ ሙቀቱ በተለምዶ 68 ዲግሪ ሲደርስ ትሰበርና ያቺ ብቻ ትረጫለች። ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት አፍ እሳቱን ይገታል። ከእሳት አደጋ መኪና ጎማ የሚወጣው ውኃ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ካኩማ ውስጥ ለመጠጥ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፍ ሕዝብ ለስፕሪንክለር የሚሆን ግፊት ያለው ውኃ ከየት ያመጣል? አያመጣም። ስለዚህ «ጋዙን ትተን ስፕሪንክለር እንግዛ» እያልኩ አይደለም። ርካሽ ጋዝ ይዞልን የመጣው ሰው ከሌሎች ሁለት ነገሮች አሳውሮናል፤ እሳቱ መጀመሪያውኑ እንዳይነሣ ከማድረግና ወረቀቱ በአንድ ቦታ ብቻ እንዳይኖር ከማድረግ።

በዚያው ገንዘብ ምን እንሥራ?

1. እሳት የሚያስነሣውን ከክፍሉ እናውጣ። ጀበናና የከሰል ምድጃ መዝገብ ቤት ውስጥ ምን ይሠራሉ? ስልክ ለማስሞላት ዐሥር ቻርጀር የተሰካበት የማከፋፈያ ገመድ ከፋይል ሥር ምን ይሠራል? አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ ኅብስቱ የሚጋገርበትን ቤተ ልሔም ለብቻው፣ መጻሕፍቱና አልባሳቱ የሚቀመጡበትን ዕቃ ቤት ለብቻው አድርገዋል። እሳት ያለበትና መጽሐፍ ያለበት አንድ ጣሪያ ሥር አይውልም። ይህ ምንም ዋጋ የለውም፤ ነገ ጠዋት ይጀመር።

2. ክፍሉ በብሎኬት ይሠራ፤ ከጎረቤት ቤትና ከእሾህ አጥር ራቅ ይበል። በሩ ብረት ሆኖ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። ሰው ውስጥ እያለ ከውጭ መቆለፍ ይከልከል።

3. ወረቀቱ ክዳን ባለው ሳጥንና በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ይግባ። ተጠቅጥቆ የተዘጋ ወረቀት ከተበተነ ወረቀት ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ ላጋው ሲሞላ ምን እንደሚያደርገን እናውቃለን።

4. በባትሪ የሚሠራ ጭስ ጠቋሚ ይገዛ። በየወሩ ቁልፉ ተጭኖ ይሞከር፤ የካኩማ አቧራ ስለሚደፍነው ይጠረግ። ሌሊት ጩኸቱን የሚሰማ ዘበኛም አጠገቡ ይኑር።

5. በሩ አጠገብ ሁለት ባለ 9 ሊትር የውኃ ወይም የአረፋ ማጥፊያ ይሰቀል፤ አንድ በርሜል ውኃና ባልዲዎችም ይቀመጡ። ልብ በሉ፤ በየቢሮው የሚሰቀለው ትንሹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ለኤሌክትሪክና ለነዳጅ እሳት ነው እንጂ ለወረቀት አይደለም። የዱቄቱ ማጥፊያ ወረቀት ያጠፋል፤ ግን ዱቄቱ ሁሉም ላይ ይቀመጣል፤ ብረትም ይበላል። ከምንም ይሻላል እንጂ የመጀመሪያ ምርጫ አይሁን። ሠራተኛዋና ዘበኛው ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጃቸው ይለማመዱት። እሳቱ ከአንድ ሳጥን አልፎ መደርደሪያ ከያዘ ግን ማንም አይግባ። ወጥቶ በሩን መዝጋት ነው።

6. ከሁሉ በላይ ቅጂ። ማርክ ሊስቱና ትራንስክሪፕቱ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ አንዱ ከካምፑ ውጭ ይሁን። ለዚህ አንድ ሁለት ስልክና ጥቂት ትጉህ ተማሪዎች ይበቃሉ። ግን እባካችሁ፣ የሰው ጉዳይ የተጻፈበት ወረቀት በቴሌግራም ግሩፕ እንዳይበተን። የስደተኛ ታሪክ ገበያ ላይ የሚወጣ ዕቃ አይደለም፤ ያሳደደው ሰውም ስልክ አለው። እንዲህ ያለው ቅጂ በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ ማን እንደያዘው በጽሑፍ ተመዝግቦ ይቀመጥ።

7. ወረቀት ቢረጥብ ምን እንደሚደረግ ከወዲሁ ይታወቅ። ሻጋታ በሁለት ቀን ውስጥ ሊጀምር ስለሚችል በቶሎ ይውጣ፤ የተጣበቀው በግድ አይላቀቅ፤ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰጣ። ድርቀቱና ነፋሱ የተረፈን አገር ነው ያለነው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ይጥቀመን።

ናይሮቢ፣ ካምፓላና ሌላም ከተማ ማኅበር የምትመሩ፣ የተሻለ ሕንጻና ውኃ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ምርጫችሁ ሰፊ ነው። መጀመሪያ ስፕሪንክለርን ጠይቁ። በስሕተት እንዳይፈስ የምትሰጉ ከሆነ፣ ጭስ ጠቋሚው እሳት መኖሩን ሳያረጋግጥ ቧንቧው ውኃ የማይሞላበት ዓይነት አለ። የግድ ጋዝ ከሆነ፣ ክፍሉ በደንብ የሚገጠም መሆኑ ተለክቶ፣ እንደ ናይትሮጅንና አርጎን ያለው ይምረጥ። እነዚህ ኦክስጅኑን ወደ 12 በመቶ አካባቢ ነው የሚያወርዱት፤ እሳቱ ይጠፋል፤ ጤነኛ ሰው ግን ለመውጫ የሚሆን ጊዜ ያገኛል። እዚያም ቢሆን ደወል፣ የመዘግያ ጊዜ፣ ሰው ሲገባ የሚዘጋ ማገጃ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በርና ትርፍ ግፊቱ የሚወጣበት መተንፈሻ ግዴታ ነው። ኤፍኤም-200 የሚባለውን የሚያቀርብላችሁ ነጋዴም ይኖራል። በልኩ ከተተከለ ሰው የመግደል አደጋው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ያነሰ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ ጎረቤታችን ኪጋሊ ላይ የተፈረመው ስምምነት እየቀነሱ ከሚሄዱት ጋዞች መካከል ነው፤ ነገ ማስሞያው እንደሚወደድ አስባችሁ ወስኑ።

የእኛን ፋይል የያዙ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችንም ልንጠይቃቸው ይገባል። የሕይወታችን ታሪክ በእጃቸው ነው። ፋይሉ የተቀመጠበት ክፍል በምን ይጠበቃል? ሌላ ቦታ ቅጂ አለው? ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው። ግን ራሳችን ቤት ውስጥ መልሱን ሳንይዝ ብንጠይቅ ማን ይሰማናል?

«ለእርዳታ የመጣ ዕቃ ጥርሱ አይቆጠርም» ብሎ የመከረኝ ሽማግሌ አለ፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ይህ እርዳታ አይደለም፤ ሽያጭ ነው። የሚከፈለውም በሪያድ የሰው ቤት በምታጸዳ እህትና በዋሽንግተን ሌሊቱን ታክሲ በሚነዳ ወንድም ላብ ነው። ላባችሁ ከእሳት ሊያድነን ብሎ ከድጡ ወደ ማጡ እንዲጥለን አልፈቅድም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ የምትገኙ ሁሉ ለነጋዴው ሦስት ጥያቄ ብቻ አቅርቡለት። ጋዙ ሲለቀቅ ክፍሉ ውስጥ ስንት በመቶ ይደርሳል? ሰው ውስጥ ቢኖር በስንት ደቂቃ ይሞታል? በየዓመቱ የሚመረምረው ማን ነው፣ ፊርማውስ የት አለ? ሦስቱንም በጽሑፍ ይመልስ። በጽሑፍ ካልመለሰ ዕቃውን ጭኖ ይሂድ። በውጭ ያላችሁም ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ይኸንኑ መልስ ጠይቁ፤ ሰጪ የሚጠይቅበት ጊዜ ከመስጠቱ በፊት ነው።

የጠፋ ማርክ ሊስት መምህራን ተሰብስበን፣ ተማሪዎቹን ጠርተን፣ ደብተር አገላብጠን በመከራም ቢሆን እንደገና እንጽፈዋለን። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን ግን እንደገና የሚጽፋት የለም።